የዮናስ ቅሬታ፦ ካንሰርን ቀድሞ ስለ ማወቅ

ሕመም በሰው ልጅ የዘመናት ልምድ ራሱን የሚያስታውቅ ነገር ነው። ራሱን የፈለጠው ወይም ሆዱን የቆረጠው ሰው ስለ ገዛ አካሉ የመጀመሪያው ምስክር እሱ ራሱ ሲሆን፣ ሐኪሙ የሚመጣው ከዚያ ምስክርነት በኋላ፣ ቃሉን ሰምቶ ምክንያቱን ለመፈለግ ነው። ካንሰርን ምልክት ሳያሳይ ለማግኘት የሚደረገውና በጤና ባለሙያዎች ዘንድ ልየታ የሚባለው ምርመራ ይህን ቅደም ተከተል ይገለብጠዋል፤ ምንም ያልተሰማትን፣ ጠዋት እንጀራዋን ጋግራ፣ ልጆቿን ትምህርት ቤት ልካ የመጣችን ሴት በሰውነቷ ውስጥ እሷ የማታውቀው ነገር እንደ ተጀመረ ይነግራታል። በዚያች ቅጽበት ስለ ገዛ አካሏ የሚመሰክርላት ሌላ ነው፣ እሷ ሰሚ ናት። ከዚህ የሚነሣው ጥያቄ ለሕክምና ብቻ የሚተው አይደለም። ገና ስላልደረሰ ሕመም የሚነገር ቃል ምን ዓይነት ቃል ነው? እውነትነቱስ በምን ይታወቃል? ከሁሉም በላይ ደግሞ ቃሉን የተናገረው ወገን በመናገሩ ምን ዕዳ ይገባል?

ጥያቄው ጥንታዊ ቢሆንም በዚህ ዘመን ያጣደፈው የመሣሪያዎቹ መቅለልና የዋጋቸው መውረድ ነው። ጆርጅ ፓፓኒኮላው እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ያስተዋወቁትና በስማቸው ፓፕ ስሚር የተባለው ምርመራ በበለጸጉት አገሮች በማኅፀን በር ካንሰር የሚሞቱትን ሴቶች ቁጥር በእጅጉ ቢቀንስም፣ ላቦራቶሪ፣ ማቅለሚያ፣ ማይክሮስኮፕ፣ የሕዋስን መልክ ለይቶ የሚያውቅ ባለሙያ፣ በመጨረሻም ውጤቱን ለመስማት ሌላ ቀን የምትመለስ ታካሚ ስለሚፈልግ፣ እነዚህ ባልተሟሉባቸው አገሮች ሥር ሳይሰድ ቀርቷል። ክፍተቱን የሞላው እጅግ ተራ የሆነ ነገር ነው። በየጤና ጣቢያው ለሚደረገው ምርመራ የሚያስፈልገው አልጋ፣ ጥሩ ብርሃን፣ ስፔኩለም የተባለው ገልጦ ማሳያ መሣሪያ፣ ጥጥ እና ከ3 እስከ 5 በመቶ የሆነ አሴቲክ አሲድ ነው፤ ይህም ከወጥ ቤት ኮምጣጤ ብዙ የማይለይ ፈሳሽ ነው። ነርሷ ወይም አዋላጇ ፈሳሹ ውስጥ የተነከረውን ጥጥ የማኅፀን በር ጫፍ ላይ ታስነካና አንድ ደቂቃ ያህል ትጠብቃለች። ጤናማው ገጽ ሮዝ መልኩን እንደ ያዘ ሲቆይ፣ ሕዋሳቱ የተለወጡበት ቦታ ግን ጠርዙ በግልጽ የሚታይ ነጭ ሆኖ ይወጣል። ላቦራቶሪ የለም፣ ወረቀት ይዞ መመላለስ የለም፤ ከኮምጣጤውና ከደቂቃዋ በኋላ የሚቀረው የነርሷ ዓይን ነው።

ሁለተኛው መንገድ ከዓይን ይልቅ በዘረመል ላይ የቆመ ነው። ጀርመናዊው ሐኪም ሃራልድ ሱር ሃውዘን ሂዩማን ፓፒሎማ ቫይረስ፣ በአጭሩ ኤች ፒ ቪ፣ የዚህ ካንሰር መንስኤ መሆኑን በማሳየታቸው እ.ኤ.አ. በ2008 የኖቤል ሽልማት ተሰጥቷቸዋል። ከቫይረሱ ብዙ ዓይነቶች 16 እና 18 ቁጥር የተሰጣቸው ሁለቱ ብቻ 70 በመቶ ለሚሆነው የማኅፀን በር ካንሰር መነሻ ሲሆኑ፣ ቫይረሱ ከገባ በኋላ ካንሰር እስኪሆን አብዛኛውን ጊዜ ከ10 እስከ 20 ዓመት ይፈጃል። ሴቲቱ ራሷ ከመጋረጃ ጀርባ በለስላሳ ዘንግ የወሰደችው ናሙና በሣጥን መጠን ባለ ማሽን ገብቶ በ1 ሰዓት ገደማ ውጤቱ ይታወቃል። በኢትዮጵያ ለሳንባ ነቀርሳ ምርመራ የተስፋፋው ጂን ኤክስፐርት የተባለው ማሽን ይህንንም መሥራት ይችላል፤ ካንሰርንም የሳንባውንም በሽታ ነቀርሳ በሚል አንድ ስም ሲጠራ ለኖረው የአማርኛ ተናጋሪ፣ አንድ ማሽን ሁለቱን መያዙ ብዙም የሚያስደንቀው አይመስልም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው ዕቅድ መሠረት እያንዳንዱ አገር እስከ 2030 ድረስ 70 በመቶ የሚሆኑ ሴቶችን በ35 እና በ45 ዓመታቸው እንዲህ ባለ አስተማማኝ ምርመራ ማዳረስ፣ ለውጥ ከተገኘባቸውም 90 በመቶውን ማከም ይጠበቅበታል።

እንግዲህ ይህ ቃል በባህሉ ውስጥ የትኛውን ቃል ይመስላል? ቅርብ የሚመስለው ሟርት ነው። ክፉ ነገርን አስቀድሞ መናገር መጥራት ነው የሚለው ስሜት በአማርኛ ተናጋሪው ማኅበረሰብ ዘንድ እጅግ የሰረጸ ስለሆነ፣ ስለ ወደፊት መከራ አፉን የከፈተ ሰው ሳይጨርስ አታሟርት ተብሎ ይቆማል፤ ሳይታመሙ መመርመርን ብዙዎች የሚሸሹትም ውጤቱን ከመፍራት ይልቅ ነገሩን በስሙ መጥራት ያመጣዋል ከሚል ስጋት ይመስላል። ይህን ስሜት እንደ ተራ አለማወቅ ማጣጣል ግን ተገቢ አይሆንም። ሟርተኛና ጠንቋይ ስለ ነገ የሚናገሩት እንደ ተዘጋ ነገር ነው፤ የሚመጣው ይመጣል፣ ሰሚው የሚያደርገው ነገር ቢኖር መጠበቅ ወይም ለተናጋሪው መክፈል ነው። ምርመራውም ውጤቱን ነግሮ ዝም የሚል ከሆነ ከሟርት የሚለየው በምን እንደሆነ ለማሳየት ያስቸግራል።

ልዩነቱን ለማየት የሚረዳው ሌላ ዓይነት የቅድሚያ ቃል ነው። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ከዐቢይ ጾም አስቀድማ ለ3 ቀናት የምትጾመው ጾመ ነነዌ የሚያስታውሰው፣ ነቢዩ ዮናስ በከተማይቱ ላይ ጥፋት እንደሚመጣ መስበኩን፣ ሕዝቡም ከንጉሡ እስከ ከብቱ ማቅ ለብሰው መጾማቸውንና ከተማይቱ ሳትጠፋ መቅረቷን ነው። የዮናስ ቃል በሰዋስው ፍርድን የሚገልጽ ዐረፍተ ነገር ነው፤ ቢሆን፣ ባይሆን የሚል ነገር የለበትም። በሥራው ግን ማስጠንቀቂያ ነው፤ የተነገረው እንዳይፈጸም ነው። በዚህ ምክንያት ከተራ ትንበያ በተለየ መንገድ ይመዘናል፤ የአየር ጠባይ ትንበያ ተሳካ የሚባለው ዝናቡ ሲዘንብ ሲሆን፣ የዮናስ ቃል ግን ተሳካ የሚባለው ጥፋቱ ሲቀር ነው። የካንሰር ልየታም ከሁለቱ የሚመደበው ከዚህኛው ጋር ነው። ነጭ ሆኖ የወጣው ቦታ ካንሰር ሊሆን ይችላል የሚለው ቃል ዓላማው ራሱን ሐሰት ማድረግ ነው።

ከዮናስ ይልቅ ለሐኪም ቤት የሚቀርበው ግን የንጉሥ ሕዝቅያስ ታሪክ ነው። ንጉሡ ታሞ ሳለ ነቢዩ ኢሳይያስ እንደሚሞት ነገረው፤ ሕዝቅያስ ፊቱን ወደ ግድግዳ መልሶ አለቀሰ፣ ጸለየ፤ 15 ዓመትም ተጨመረለት። ብዙ ሰባኪ ታሪኩን እዚህ ላይ ያቆመዋል። ነገር ግን መጽሐፉ ኢሳይያስ የበለስ ጥፍጥፍ አስመጥቶ በንጉሡ ቁስል ላይ እንዲደረግ ማዘዙንም ይናገራል፤ ይህች ትንሽ ዝርዝር ተአምሩን አታሳንሰውም፣ ይልቁንም ሞትን የተናገረው ሰው መድኃኒቱንም ይዞ መመለሱን ታሳያለች። ቃሉን የተናገረውና በለሱን ያዘዘው አንድ ሰው ነው። ይህ ዝርዝር በኋላ የሚነሣውን የዕዳ ጥያቄ አስቀድሞ ይነካዋል።

አስቀድሞ መመርመር ከእግዚአብሔር ፈቃድ ጋር መጋጨት ነው የሚለው ተቃውሞ አዲስ አይደለም፤ የተመለሰውም ከረጅም ዘመን በፊት ነው። የግሪክ ፈላስፎች የስንፍና ሙግት ብለው የሚጠሩት፣ ሲሴሮም ስለ ዕጣ ፈንታ በጻፈው መጽሐፍ ያቆየው ክርክር ምሳሌውን የወሰደው ከሕመም ነው፤ የታመመ ሰው መዳኑም መሞቱም አስቀድሞ የተወሰነ ከሆነ ሐኪም መጥራቱ ለምን ይረባል የሚል ነው። ክሪሲጶስ የተባለው ፈላስፋ የሰጠው መልስ፣ መዳኑ የተወሰነ ከሆነ ሐኪሙን መጥራቱም ከመዳኑ ጋር አብሮ የተወሰነ ነው የሚል ሲሆን፣ መንገዱን ከመድረሻው ለይቶ ማሰብ ስሕተት መሆኑን ያመለክታል። በእስልምና ታሪክም ኸሊፋ ዑመር ኢብን አል ኸጣብ ወደ ሶሪያ ሲጓዙ ወረርሽኝ መግባቱን ሰርግ በተባለ ቦታ ሰምተው ወደ ኋላ ለመመለስ ሲወስኑ፣ አቡ ዑበይዳ ከአላህ ውሳኔ መሸሽ አይሆንም ወይ ብለው ቢጠይቋቸው፣ ከአላህ ውሳኔ ወደ አላህ ውሳኔ እንደሚሄዱ መልሰዋል። በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ቀኖና ውስጥ ያለው መጽሐፈ ሲራክም በ38ኛው ምዕራፉ ሐኪሙንም መድኃኒቱንም የፈጣሪ ሥራ አድርጎ ያከብራል፤ በኤች አይ ቪ ዘመን ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ጠበልና መድኃኒት አይጣሉም ብለው ማስተማራቸውም የዚሁ ትውፊት ቀጣይ ነው። በዚህ ላይ ብዙ መድከም አያስፈልግም፤ ከባዱ ጥያቄ ያለው ሌላ ቦታ ነው።

ከባዱ ጥያቄ የዮናስ ቅሬታ ነው። ነነዌ ስትድን ነቢዩ ተቆጣ፤ ሞቱንም ለመነ። ቁጣው እንደ ክፋት ብቻ ከታየ አንድ ነገር ይሰወራል፦ ዮናስ ሊያረጋግጠው የሚችለው ምንም ነገር አልቀረለትም። ከተማይቱ የቆመችው በጾሟ ነው ወይስ ቀድሞም የምትጠፋ አልነበረችም? ማስጠንቀቂያ በተሳካ ቁጥር ማስረጃውን ራሱ ያጠፋዋል። የካንሰር ልየታ ከዚህ ቅሬታ ሊያመልጥ አይችልም። የተለወጡ ሕዋሳት ተገኝተውባት የታከመች ሴት ከ20 ዓመት በኋላ ጤነኛ ሆና ብትገኝ፣ ምርመራው አድኗታል ማለት ይቻላል፤ ለውጡ ሳይነካ በራሱ የሚጠፋ ነበር ማለትም ይቻላል። አብዛኛው የኤች ፒ ቪ መያዝ ሰውነት በሁለት ዓመት ገደማ ውስጥ ራሱ የሚያስወግደው ስለሆነ፣ ይህ ሁለተኛው አማራጭ እንዲሁ የተፈጠረ ግምት አይደለም። ለአንዲት የታወቀች ሴት መልሱን የሚያውቅ የለም፤ ሊያውቅም አይችልም።

ይህ የፍልስፍና ጨዋታ አለመሆኑን ለመረዳት ደቡብ ኮሪያን መመልከት ይበቃል። አገሪቱ እ.ኤ.አ. በ1999 ለተለያዩ ካንሰሮች ብሔራዊ የልየታ መርሐ ግብር ጀመረች፤ ታይሮይድ የተባለው በአንገት ፊት ያለ ዕጢ በመርሐ ግብሩ ባይካተትም፣ ሐኪም ቤቶች በጥቂት ተጨማሪ ገንዘብ በአልትራሳውንድ ይመረምሩት ጀመር። ምርመራው ርካሽ፣ ፈጣን፣ ሕመም የሌለበት ነበር። በ2011 የተመዘገበው የታይሮይድ ካንሰር መጠን ከ1993ቱ 15 እጥፍ ሆነ፤ በዚያ አንድ ዓመት ብቻ ከ40,000 በላይ ሰዎች ካንሰር አለባችሁ ተባሉ። በታይሮይድ ካንሰር የሚሞተው ሰው ቁጥር ግን ከቦታው አልተነቃነቀም። አብዛኞቹ ዕጢያቸው ተቆርጦ ወጥቶ ዕድሜ ልካቸውን ክኒን የሚወስዱ ሆኑ፤ ከቀዶ ጥገናው የተነሣ የድምፅ አውታራቸው የተጎዳባቸውም ነበሩ። በሌላ ምክንያት የሞቱ ሰዎች አስከሬን ሲመረመር በብዙ ጤነኛ ጎልማሶች ላይ ትንንሽ የታይሮይድ ካንሰር መገኘቱ ከዚያም በፊት የታወቀ ነገር ነበር። ባለሙያዎች ከልክ ያለፈ ምርመራ የሚሉት ይህን ነው፤ የተገኘው ነገር በእውነት አለ፣ ስሙም በእውነት ካንሰር ነው፣ ነገር ግን ባይገኝ ኖሮ ባለቤቱን ፈጽሞ ባልነካው። የሚያስጨንቀው እያንዳንዱ የኮሪያ ታካሚ ምርመራው ሕይወቴን አተረፈልኝ ብሎ በቅን ልቡና መመስከር መቻሉ ነው። የተረፈውና በከንቱ የተቆረጠው አንድ ዓይነት ምስክርነት ይሰጣሉ።

በዚህ ላይ የቁጥር ጠባይ ይጨመራል። ለምሳሌ ያህል ከ1,000 ሰዎች 5ቱ አንድ በሽታ ቢኖርባቸው፣ ምርመራውም ሕሙማኑን ሁሉ የሚይዝ ሆኖ ከጤነኞቹ ከየ100ው 5ቱን በስሕተት አለበት ቢል፣ ወደ 55 የሚጠጉ ሰዎች አለባችሁ ይባላሉ፤ ከእነዚህ 50ዎቹ ምንም የለባቸውም። 95 በመቶ ትክክል ነው ተብሎ የሚወደስ መሣሪያ ካስደነገጣቸው 11 ሰዎች 10ሩን በከንቱ አስደንግጧል ማለት ነው። በሽታው ብርቅ በሆነ መጠን ይህ ይብሳል። ስለዚህ መሣሪያው ርካሽ ሆኖ ለሁሉም መድረሱ በራሱ በጎ ነገር ነው የሚለው አስተሳሰብ ያልተፈተነ ነው፤ የመርማሪው ወጪ ሲቀንስ የተመርማሪው ወጪ ሊጨምር ይችላል።

አንዲትን ሴት በተመለከተ የማይታወቀው ነገር በብዙ ሺህ ሴቶች መካከል በማነጻጸር ይታወቃል፤ ለዚህ ዕውቀት ግን ከፍ ያለ ዋጋ ተከፍሏል። በሕንድ ማሃራሽትራ ግዛት በኦስማናባድ አውራጃ እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ በ52 የመንደር ክፍሎች የሚኖሩ 131,746 ሴቶች በአራት ተከፍለው፣ አንዱ ወገን በኤች ፒ ቪ፣ አንዱ በፓፕ ስሚር፣ አንዱ በኮምጣጤ አንድ ጊዜ ሲመረመር፣ አራተኛው ወገን ሳይመረመር ቆየ። በ2009 በወጣው ውጤት መሠረት በኤች ፒ ቪ ምርመራ ከተመደቡት 34,126 ሴቶች በማኅፀን በር ካንሰር የሞቱት 34 ሲሆኑ፣ ካልተመረመሩት 31,488 ሴቶች 64 ሞተዋል፤ በኮምጣጤ የታየው ልዩነት ግን ለማሳመን የሚበቃ አልነበረም። በሙምባይ ድሃ ሰፈሮች በ150,000 ያህል ሴቶች ላይ በተደረገው ሌላ ጥናት ግን፣ ለ4 ሳምንት ብቻ የሠለጠኑ የሰፈር ጤና ሠራተኞች በየ2 ዓመቱ ለ4 ዙር በኮምጣጤ ሲመረምሩ ሞት በ31 በመቶ ቀንሷል። ኮምጣጤው አንድ ነው፤ የተለየው ተመልሶ መምጣቱ ነው።

ለንጽጽር ሳይመረመሩ ስለ ቀሩት ሴቶች ብርቱ ክርክር ተነሥቷል። ከፊሎቹ በአገሪቱ ያን ጊዜ የተለመደው አለመመርመር ስለነበረ ማንም የነበረውን አላጣም ሲሉ፣ ሌሎቹ ጠቃሚነቱ የሚገመት ምርመራን ለማነጻጸር ሲባል መንፈግ፣ ስለ ምርመራው መኖርም በቂ መረጃ አለመስጠት በደል ነው ብለዋል። የመጀመሪያው ሙግት ድህነትን እንደ ተፈጥሮ ሕግ የሚቆጥር በመሆኑ ደካማ ነው። ሆኖም በዛሬዋ የጤና ጣቢያ አልጋ ላይ የምትተኛ ማንኛዋም ሴት፣ ምርመራው እንደሚጠቅም የታወቀላት በእነዚያ 64 የገጠር ሴቶች ሞት ጭምር መሆኑን አለመናገር ከዚያ የባሰ ነው።

ይህ ሁሉ ወደ ዕዳው ጥያቄ ያመጣል። አማርኛ በዚህ ጉዳይ ላይ ሳይቃጠል በቅጠል የሚል አባባል አለው፤ ለጤና ትምህርትም አብዝቶ ይጠቀሳል። ሲጠቀስ የሚጎላው ቅድሚያው ነው፤ ቅጠሉ ግን ይረሳል። አባባሉ እሳቱን ቀድሞ ማየት ብቻ በቂ ነው አይልም፤ ቅጠሉ በእጅ መኖሩን እንደ ታወቀ ነገር ወስዶ ነው የሚናገረው። እሳቱን በማለዳ አይቶ ቅጠል የሌለው ሰው የሚተርፈው ነገር ቤቱ ሲቃጠል ረዘም ላለ ጊዜ መመልከት ነው። ዊልሰንና ዩንግነር የተባሉ ሁለት ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1968 ለዓለም ጤና ድርጅት ባዘጋጁት፣ እስከ ዛሬም ልየታ በሚመዘንበት ሰነድ ውስጥ ካኖሯቸው 10 መመዘኛዎች መካከል፣ ለሚገኘው በሽታ ተቀባይነት ያለው ሕክምና መኖሩ እንዲሁም ለመመርመርም ለማከምም የሚያስችል ተቋም መኖሩ ይገኝበታል። ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ለረጅም ዓመታት ከ100 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ላላት ኢትዮጵያ ብቸኛው የጨረር ሕክምና መስጫ ሆኖ መቆየቱን፣ ታካሚዎችም ወረፋ ለወራት ሲጠብቁ በሽታው ከደረጃ ወደ ደረጃ ይሻገር እንደነበር ለሚያስታውስ ሰው፣ ይህ መመዘኛ የወረቀት ጉዳይ አይደለም። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ሕክምናው ጅማን በመሳሰሉ ከተሞችም መጀመሩ በጎ ነው፤ ሆኖም በየቀበሌው በአንድ ጊዜ የሚታደል የምርመራ ካርቶን የጨረር ማሽን ከሚተከልበት ፍጥነት ሁልጊዜም እንደሚቀድም ግልጽ ነው።

ዕዳው ግን የመድኃኒት ብቻ አይደለም፤ የመንገርም ነው። ክፉ ወሬ እንዴት እንደሚነገር የኢትዮጵያ ባህል የራሱ ሥርዓት አለው፤ ሥርዓቱም መርዶ ይባላል። መርዶ በመንገድ ላይ አይነገርም፤ ለብቸኛ ሰውም አይነገርም። ዘመድና ጎረቤት በሚስጥር ተጠራርቶ፣ ሽማግሌ ተመርጦ፣ ማልዶ ከበሩ ይደረሳል፤ ነጋሪዎቹም ነግረው አይሄዱም፣ ሐዘንተኛውን ይዘው፣ አብረው አልቅሰው፣ ከእሱ ጋር ይቀመጣሉ። ሥርዓቱ በውስጡ የያዘው ሐሳብ ጥልቅ ነው፦ ክፉ ነገር ያወቀ ሰው ብቻውን እንዳይሆን፣ የነገረውም ሰው በመንገሩ የታሰረ እንዲሆን። ተንቀሳቃሽና ርካሽ ምርመራ ይህን እስራት የሚፈታው ሳያስበው ነው። በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ሳንጊታ ባቲያ የሚመሩት ቡድን እ.ኤ.አ. በ2014 ይፋ ባደረገው ሥራ፣ በአይጦች ደም ውስጥ የተወጉ ረቂቅ ቅንጣቶች በዕጢው ኢንዛይሞች ሲቆረጡ ቁራጮቻቸው በሽንት እንዲወጡና እንደ እርግዝና መመርመሪያ ባለ ወረቀት ላይ መስመር ሆነው እንዲታዩ ተደርጓል። እጅግ የሚደነቅ ብልሃት ነው። ይህን የመሰለ ወረቀት አንድ ቀን ለሰው ደርሶ በየመድኃኒት ቤቱ ቢሸጥ ግን፣ መርዶውን የሚናገረው መስመር ነው፤ መስመር ደግሞ አጠገብ አይቀመጥም።

ኤች ፒ ቪ የሚተላለፈው በግብረ ሥጋ ግንኙነት መሆኑ ነገሩን ያወሳስበዋል። ውጤቱ ስለ አንዲት ሴት ብቻ ሳይሆን ስለ ትዳሯም የሚናገር ይመስላል፤ ወረቀቱን ያነበበ ባል ማን አመጣው ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። ቫይረሱ ለብዙ ዓመታት ተደብቆ ሊቆይ ስለሚችል መቼና ከማን እንደመጣ ውጤቱ አይናገርም፤ ይህን የምታስረዳ ነርስ ከሌለች ግን ዝምታውን ጥርጣሬ ይሞላዋል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚለው አባባል ሁልጊዜ ለታማሚው እንደ ተግሣጽ ይነገራል፤ መደበቁ ከምን የመጣ እንደሆነ የሚጠይቅ አባባል የለም።

እንዲህ ከሆነ ከመሣሪያዎቹ ሁሉ ለዚህ የዕዳ ጥያቄ ቀጥተኛ መልስ የሚሰጠው የምርመራው ብልሃት ራሱ ሳይሆን፣ አይቶ ወዲያው ማከም የሚባለው አሠራር ነው ማለት ይቻላል። በኢትዮጵያ ዕድሜያቸው ከ30 እስከ 49 የሆኑ ሴቶች ላይ በሚያተኩረው አገልግሎት፣ ነጭ ቦታ የተገኘባት ሴት ለውጡ ለዚህ ሕክምና የሚመች ከሆነ በዚያው ቀን፣ በዚያው አልጋ ላይ ትታከማለች፤ ሰፊ ከሆነ ወይም ካንሰር የሆነ ከመሰለ ወደ ሆስፒታል ትላካለች። አሠራሩ ለዓመታት የተመሠረተው በክራዮቴራፒ፣ ማለትም በጋዝ ለ3 ደቂቃ አቀዝቅዞ፣ ለ5 ደቂቃ ተወት አድርጎ፣ እንደ ገና ለ3 ደቂቃ በማቀዝቀዝ ላይ ነበር። ጋዙ የሚመጣው ወፍራም የብረት ሲሊንደር ውስጥ ነው፤ ሲሊንደሩ ባዶ ከሆነና ሞልቶ ካልተመለሰ፣ ኮምጣጤው በመደርደሪያ ሙሉ ሆኖ፣ ነርሷም ሠልጥና፣ ነጩን ቦታ ከማየት ሌላ የሚሠራ ነገር አይኖርም። ኢሳይያስ በለስ ያላገኘበት ቀን ማለት ነው። አሁን በብዙ ቦታ እየተተካ ያለው ቴርማል አብሌሽን በእጅ የሚያዝ፣ በባትሪ የሚሠራ፣ ጫፉን ወደ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አግሎ ለግማሽ ደቂቃ ያህል ቦታው ላይ በማሳረፍ የተለወጡትን ሕዋሳት የሚያጠፋ መሣሪያ ነው። ስለ ርካሽና ተንቀሳቃሽ ምርመራ ሲወራ ስሙ እምብዛም የማይነሣው ይህ የማከሚያ ዘንግ፣ ለምርመራው ቃል ክብር የሚሰጠው እሱ ነው፤ ነርሷ ያየችውን በተናገረችበት ቅጽበት እጇን መዘርጋት እንድትችል ያደርጋታል።

ሕክምናው ካለቀ በኋላ ሴቲቱ ለጥቂት ሳምንታት ፈሳሽ ሊኖራት እንደሚችልና ከግንኙነት መታቀብ እንዳለባት ይነገራታል፤ ለክትትል የምትመለስበት ቀንም በካርዷ ላይ ይጻፍላታል። ከዓመት በኋላ ብትመለስ ያው አልጋ፣ ያው መብራት ይጠብቃታል። ነርሷ ጥጡን በኮምጣጤ አርሳ ታስነካና ደቂቃዋን ትቆጥራለች። ነጩ ቦታ የለም፤ ገጹ በሙሉ ሮዝ ነው። አምና እዚያ የነበረው ነገር ሳይነካ ቢቀር ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር ግን ተኝታ የምትጠብቀውም፣ ጎንበስ ብላ የምታየውም አያውቁትም።